የእንግሊዝ የገጠር ታላላቅ ቤቶችና ባለቤቶቻቸው፦ ታሪካቸውን ከመዝገብ ለማውጣት የሚረዳ መመሪያ

የአንድን የእንግሊዝ ገጠር ታላቅ ቤት ታሪክ ማጥናት የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ የቤቱን ስም ኢንተርኔት ላይ ይፈልጋል። የሚያገኘው አንዱ ከሌላው የተቀዳ ሁለት አንቀጽ ነው፤ የተሠራበት ዓመት፣ የአንድ ጌታ ስም፣ ምናልባትም ንግሥት ኤልሳቤጥ አንድ ሌሊት አደሩበት የሚል ወሬ። ከዚያ አልፎ ወደ ቤተ መዛግብት ሲሄድ ደግሞ የቤቱ ስም የትም አይገኝም። ይህ የሚሆነው አሮጌዎቹ ሰነዶች ስለ ቤት ስለማይናገሩ ነው። ውሉም፣ የአሥራት መዝገቡም፣ የግብር ዝርዝሩም የሚቆጥሩት መሬት ነው። ቤቱ በብዙ ውሎች ውስጥ "ዋናው መኖሪያ ከነግቢውና ከነአትክልቱ" ከሚል ሐረግ ያለፈ ቦታ የለውም። ቤት ይፈርሳል፣ እንደገና ይሠራል፣ ስሙ ይለወጣል፤ መሬቱ ግን እዚያው ነው። ስለዚህ ሥራው ሁሉ በአንድ ሐሳብ ይመራ፦ ርስቱን ይከተሉ፣ ቤቱ በርስቱ ውስጥ ይገኛል።

በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት፣ ዓ.ም. ከተባለው በቀር፣ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ለምሳሌነት ደጋግመን የምንጠቅሰው ከባዝ ከተማ በስተሰሜን 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የሚገኘውን ዲረም ፓርክ የተባለውን ታላቅ ቤት ነው፤ መዝገቡም ሕንፃውም ለትምህርት የሚመች ነው።

ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት አንድ ትልቅ ወረቀት በሦስት ዓምድ ይክፈሉ። በመጀመሪያው ማን ሠራው፣ በሁለተኛው የማን ነበር፣ በሦስተኛው ማን ኖረበት ብለው ይጻፉ። ሦስቱ ጥያቄዎች የተለያዩ ናቸው፣ መልሳቸውም አብዛኛውን ጊዜ የተለያየ ነው። ባለርስቱ ለንደን ተቀምጦ ቤቱን ለጡረተኛ ጄኔራል ሊያከራይ ይችላል፤ በከተማው የአድራሻ መጽሐፍ ላይ የሚወጣው የጄኔራሉ ስም ነው። በድረ ገጾች ላይ ባለቤት ተብለው ከሚጠሩት ሰዎች ጥቂት የማይባሉት ተከራይ ነበሩ፤ ስሕተቱም የሚመጣው ሦስቱን ዓምዶች ከመደባለቅ ነው።

ከዛሬ ተነሥቶ ወደ ኋላ

የጥናቱ አቅጣጫ ሁልጊዜ ከዛሬ ወደ ትናንት ነው። ከጥንቱ ጀምሮ ወደ ፊት የሚመጣ ሰው በመሐል ወደ ሌላ ቤተሰብ ወይም ተመሳሳይ ስም ወዳለው ሌላ ቤት ሳያውቀው ይሻገራል።

የመጀመሪያው ሰነድ የመንግሥት የመሬት ምዝገባ ቢሮ፣ ማለትም ላንድ ሬጅስትሪ፣ የሚሰጠው የይዞታ መዝገብ ነው። በቢሮው በራሱ ድረ ገጽ ላይ ከ10 ፓውንድ ባነሰ ዋጋ ይገኛል፤ ይህንኑ ወረቀት በብዙ እጥፍ የሚሸጡ አስመሳይ ገጾች ስላሉ ይጠንቀቁ። መዝገቡ ሦስት ክፍል አለው። ሀ ንብረቱን ይገልጻል፣ ለ የአሁኑን ባለቤት ይናገራል፣ ሐ ደግሞ ዕዳና ግዴታን ይዘረዝራል። ታሪክ ለሚፈልግ ሰው ዋጋ ያለው ሦስተኛው ክፍል ነው። ከመቶ ዓመት በፊት ርስቱ ሲሸነሸን ሻጩ በገዢው ላይ የጣለው ግዴታ፣ ለምሳሌ ከአንድ ቤት በላይ አይሠራበትም የሚል፣ ከነቀኑና ከነተዋዋዮቹ ስም ተገልብጦ ሊገኝ ይችላል። አንድ ቀንና ሁለት ስም ካገኙ ወደ ኋላ የሚወስደው መንገድ ተከፈተ ማለት ነው። መዝገቡ ባዶ ቢሆን አይደንግጡ። ምዝገባ በመላው እንግሊዝና ዌልስ የግዴታ የሆነው ከታኅሣሥ 1990 ጀምሮ ነው፤ አንድ ቤተሰብ ሳይሸጥ የያዘው ርስት እስከ ቅርብ ጊዜ ያልተመዘገበ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ የመንግሥት የቅርስ ተቋም የሆነውን የሂስቶሪክ ኢንግላንድን የቅርስ ሕንፃዎች ዝርዝር ይመልከቱ፤ ነፃ ነው። ሕንፃዎቹ በሦስት ደረጃ ተከፍለዋል፦ አንደኛ፣ ሁለተኛ ባለ ኮከብ እና ሁለተኛ። እዚህ ላይ የሚያጋጥመው ወጥመድ የዘመኑ ግምት ነው። በተለይ ቀደም ባሉት ዓመታት የተጻፉት መግለጫዎች አጫጭር ናቸው፤ ብዙዎቹም የተጻፉት ሕንፃው ከውጭ ታይቶ ነው። የ18ኛው ክፍለ ዘመን ፊት ያለው ቤት ውስጡ የ16ኛው ክፍለ ዘመን ሊሆን ይችላል፤ ሀብታም ወራሽ ሙሉውን ቤት ከማፍረስ ይልቅ አዲስ ፊት ይለጥፍበት ነበርና። ዲረም ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። የምዕራቡ ፊት በ1692 ሳሙኤል ሆዱሮይ በተባለ አርክቴክት ንድፍ ተጀመረ፣ የምሥራቁ ፊት ደግሞ በንጉሡ ሕንፃዎች ተቆጣጣሪ በዊልያም ታልማን ንድፍ በ1704 ገደማ ተጠናቀቀ። በሁለቱ መካከል የቀድሞው የቱዶር ነገሥታት ዘመን (የ16ኛው ክፍለ ዘመን) ቤት ታላቁ አዳራሽ ቦታውን ይዞ ቀርቷል። ከመኪና ማቆሚያው የሚመጣ ሰው አንድ ቤት ያያል፤ ያለው ግን ቢያንስ የሦስት ጊዜ ሥራ ነው። ስለዚህ ሕንፃውን ሲመለከቱ በጓሮ በኩል ይዙሩ፣ የጣሪያውን ሥር፣ የምድር ቤቱን ግድግዳ ውፍረትና የጭስ መውጫዎቹን አቀማመጥ ያስተውሉ። ፊት ለፊቱ የተሠራው ለእንግዳ ዓይን ነው፤ አሮጌው ግንብ የሚገኘው ማንም ለማሳመር ገንዘብ ባላወጣበት በኩል ነው።

የሕዝብ ቆጠራ፣ የ1910ሩ ግምትና የአሥራት ካርታ

የሕዝብ ቆጠራ ከ1841 እስከ 1921 ያለው በየአሥር ዓመቱ ለሕዝብ ክፍት ነው። የ1931ዱ በ1942 በእሳት ተቃጥሏል፣ በ1941 ቆጠራ አልተካሄደም፤ ክፍተቱን በከፊል የሚሞላው መስከረም 29 ቀን 1939 የተወሰደው የጦርነት ጊዜ ምዝገባ ነው። በታላላቅ ቤቶች ላይ ቆጠራው የሚያሳስተው በአንድ ምክንያት ነው። የሚቆጠረው በዚያች ሌሊት እዚያ ያደረ ሰው ነው፣ አብዛኞቹ ቆጠራዎችም የተደረጉት በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ መጀመሪያ ነው። በዚያ ወቅት ብዙ ባላባቶች ለፓርላማና ለግብዣው ወራት ለንደን ይሆናሉ። ስለዚህ በቅጹ ላይ የቤት ኃላፊዋን፣ ሁለት ገረዶችንና አንድ የፈረስ ባልደራስ ብቻ ቢያገኙ ቤቱ ተሸጧል ብለው አይደምድሙ፤ ቤተሰቡን በዚያው ቆጠራ ለንደን ውስጥ ይፈልጉት። በ1841ዱ ደግሞ ከ15 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች ዕድሜ ወደ ታች ወደ አምስት ብዜት ተጠጋግቶ ስለተጻፈ "40" የተባለው ሰው 44 ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ ሰነድ ይበልጥ የሚወደደው የ1910ሩ የመሬት ግምት ነው። የገንዘብ ሚኒስትሩ ሎይድ ጆርጅ መሬት ላይ ግብር ለመጣል ሲል አገሩን በሙሉ አስለካ፤ ግምቱ የንብረቱን ዋጋ የሚያሰላው በሚያዝያ 30 ቀን 1909 በነበረበት ሁኔታ ነው። ለእያንዳንዱ ይዞታ በመስክ መዝገቡ ላይ አራት ገጽ ተሰጥቶታል፤ ባለቤቱ፣ ነዋሪው፣ ኪራዩ፣ ጥገናውን የሚከፍለው ማን እንደሆነ፣ ክፍሎቹ፣ ግንባታው ከምን እንደሆነና የገበያ ዋጋው ይገኝበታል። መዝገቡ ያለው ለንደን፣ ኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ነው፤ የመስክ መዝገቦቹ ምድብ አይ.አር. 58 ይባላል። አካሄዱ ሁለት እርምጃ አለው፣ ቅደም ተከተሉን ማዛባት አይቻልም። መጀመሪያ ካርታው ተወስዶ ቤቱ ላይ በቀይ የተጻፈው ቁጥር ይነበባል፤ ከዚያ በዚያ ቁጥር የመስክ መዝገቡ ይጠየቃል። በቤቱ ስም መጠየቅ ዋጋ የለውም። ትልልቅ ርስቶች ደግሞ ቤቱ፣ እርሻውና ደኑ አንድ ላይ በአንድ ቁጥር ስለተመዘገቡ ቤቱ ብቻውን ስንት እንደተገመተ ላይታወቅ ይችላል። የፖርትስመዝና የሳውዝሃምፕተን አካባቢ መዝገቦች አብዛኞቹ በጦርነቱ ጠፍተዋል።

ከዚያ ወደ ኋላ ሲኬድ የአሥራት ካርታ ይመጣል። እስከ 1836 ድረስ ገበሬው ለቤተ ክርስቲያን አሥራቱን በእህልና በከብት ይከፍል ነበር፤ በዚያ ዓመት የወጣው ሕግ ወደ ገንዘብ ሲለውጠው በየሰበካው ካርታና ዝርዝር ተዘጋጀ። እያንዳንዱ ማሳ ቁጥር አለው፣ በቁጥሩ ትይዩ የባለርስቱ ስም፣ የጭሰኛው ስም፣ የማሳው ስም፣ እርሻ ወይም ግጦሽ መሆኑና ስፋቱ ይገኛል። ባለርስትና ጭሰኛ ጎን ለጎን የተጻፉበት በመሆኑ ከወረቀትዎ ሁለተኛና ሦስተኛ ዓምድ አንድ ላይ ይሞላሉ። ስፋቱ በኤክር፣ በሩድና በፐርች ነው፦ 40 ፐርች አንድ ሩድ፣ 4 ሩድ አንድ ኤክር ይሆናል። 12፣ 2፣ 20 ተብሎ የተጻፈ ማሳ 12 ኤክር ተኩል ከ20 ፐርች፣ ማለትም 12.625 ኤክር ነው፤ በእኛ አለካክ 5.1 ሄክታር ገደማ። ካርታ የሌለው ሰበካ ካጋጠመዎ አሥራቱ ቀደም ብሎ መሬት ሲታጠርና ሲከፋፈል ተሰርዞ ሊሆን ስለሚችል የዚያን ጊዜ የማከፋፈያ ሰነድ ይጠይቁ።

ውሎችን ማንበብ

የርስቱ አሮጌ ውሎች ካሉ የሚገኙት በክፍለ ሀገሩ ቤተ መዛግብት ነው። የትኛው ክፍለ ሀገር ለሚለው ጥያቄ የዛሬው ወሰን አይመራም። በ1974 ብዙ ወሰኖች ተለውጠዋል፤ ዲረምን የያዘው አካባቢ ከግሎስተርሺር ወጥቶ ኤቨን ወደተባለው አዲስ ክፍለ ሀገር ገባ፣ ኤቨን በ1996 ሲፈርስም ሳውዝ ግሎስተርሺር ሆነ። የዲረም ባለቤቶች የነበሩት የብላትዌት ቤተሰብ ወረቀቶች ግን ያሉት ግሎስተር ከተማ ባለው የግሎስተርሺር ቤተ መዛግብት ነው። ከዚህም በላይ ወረቀት የሚከተለው ሰውን ነው። ወራሿ ልጅ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ከተዳረች የአባቷ ርስት ሰነዶች በባሏ ቤተሰብ ስም ሥር፣ በሌላ ከተማ መዝገብ ቤት ሊገኙ ይችላሉ። ስለዚህ በብሔራዊ ቤተ መዛግብቱ የኢንተርኔት ማውጫ ላይ በቤቱ ስም፣ በሰበካው ስምና በእያንዳንዱ ቤተሰብ ስም ለየብቻ ይፈልጉ።

ውሎቹ ጨርሶ ከጠፉስ? ይህ የተለመደ ነው። ከ1925ቱ ሕግ በኋላ ሻጭ ባለቤትነቱን ለማስረዳት የ30 ዓመት ታሪክ ብቻ ይበቃው ነበር፣ ከ1969 ወዲህ ደግሞ 15 ዓመት። የጠበቃ ቢሮዎች የማያስፈልጋቸውን ብራና ጣሉ፣ አንዳንዱም የመብራት ሽፋን ሆነ። ያሳዝናል፤ መፍትሔው ከላይ ያሉትን ሌሎች መዝገቦች ማጣመር ብቻ ነው።

ውሉ ከተገኘ ደግሞ ሦስት ዓይነቱን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል፣ ብዙ የተሳሳተ ታሪክ የተጻፈው እነዚህን ባለመለየት ነውና።

አንደኛው በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን የተለመደው ጥንድ ውል ነው። በመጀመሪያው ቀን መሬቱ በአምስት ሺልንግ ለአንድ ዓመት ተከራየ ይላል፤ በማግሥቱ የተጻፈው ሁለተኛው ወረቀት ቀሪውን መብት በሙሉ ለዚያው ሰው ይለቃል። ይህ ሽያጭ ነው። እስከ 1841 ድረስ ሕጉ የፈጠረው አካሄድ እንጂ ኪራይ አይደለም። ሁለተኛው ወረቀት ጠፍቶ የመጀመሪያውን ብቻ ያገኘ ሰው "በዚህ ዓመት ተከራየ" ብሎ ይጽፋል፣ ይሳሳታልም። ከአምስት ሺልንጉ አጠገብ አንድ ዓመት የሚል ቃል ካዩ የማግሥቱን ቀን ወረቀት ይፈልጉ።

ሁለተኛው የመያዣ ውል ነው። ብድር የሚፈልግ ባላባት መሬቱን ለ500 ወይም ለ1000 ዓመት ለአበዳሪው ያከራያል። ዓመቱ ሲታይ ርስቱ የሄደ ይመስላል፤ ነገር ግን ገንዘቡ ሲመለስ ውሉ ይፈርሳል፣ ባለቤቱም ቤቱ ውስጥ እየኖረ ነው። እንዲህ ዓይነት ውል መብዛቱ ራሱ ታሪክ ነው፦ ቤተሰቡ ዕዳ ውስጥ ነበር ማለት ነው።

ሦስተኛው የጋብቻ ውል ነው፤ የእንግሊዝ ባላባቶች ታሪክ ቁልፉም ይኸው ነው። ልጅ ሲያገባ አባት ርስቱን በባለአደራዎች ስም ያደርገዋል። ልጁ እስከ ዕለተ ሞቱ ይጠቀምበታል እንጂ ሊሸጠው አይችልም፤ ከእርሱ በኋላ ለበኩር ልጁ፣ እርሱ ከሌለ ለሚቀጥለው ያልፋል። በውሉ ላይ ባለቤት መስለው የሚታዩት ባለአደራዎች አጎት፣ ጠበቃ ወይም የቤተሰቡ ወዳጅ ናቸው። እስከ 1882ቱ ሕግ ድረስ ብዙ ባለርስቶች እጃቸው የታሰረው በዚህ ነበር፤ በዚያ ዓመት የወጣው ሕግ ነው ለሕይወት ዘመን ተጠቃሚው የመሸጥ ሥልጣን የሰጠው። ከዚህ የሚከተል አንድ ነገር አለ፦ እንዲህ የታሰረ ርስት በኑዛዜ አይተላለፍም። የሰውየው ኑዛዜ ስለ ቤቱ ዝም ቢል ቤቱ የእርሱ አልነበረም ማለት አይደለም።

ስለ ኑዛዜ ከተነሣ፣ ከጥር 1858 ወዲህ ያለው በአንድ ብሔራዊ ማውጫ ይገኛል፤ ከዚያ በፊት የነበረው በቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤቶች ነበር፣ የሀብታሞቹ በአብዛኛው በካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ፍርድ ቤት። ያ መዝገብ ኪው ውስጥ በምድብ ፕሮብ 11 ተቀምጧል። በማውጫው ላይ ከ1898 በፊት የተጻፈው የሀብት መጠን መሬትን አይጨምርም፤ "2000 ፓውንድ ብቻ ትቶ ሞተ" የተባለ ሰው ብዙ ሺህ ኤክር ሊኖረው ይችላል።

ሴቶችና የቤተሰብ ስም

ዲረምን የዊንተር ቤተሰብ ከዴኒስ ቤተሰብ የገዛው በ1571 ነው። በ1686 ወራሿ ሜሪ ዊንተር ዊልያም ብላትዌትን አገባች፤ እርሱ የመንግሥት ሹም ነው፣ መሬት የነበራት እርሷ ናት። ሜሪ በ1691 ሞተች፤ ባለቤቷ በዓመቱ አዲሱን ቤት ማሠራት ጀመረ። ዛሬ ቤቱ "የብላትዌት ቤት" እየተባለ ይጠራል። እስከ 1882 ድረስ ያገባች ሴት ንብረት በሕግ ለባሏ ሥልጣን የተገዛ ስለነበር ርስት ያመጡ ሴቶች በመዝገብ ላይ በአንድ መስመር ብቅ ብለው ይጠፋሉ። የባለቤቶች ስም በድንገት በተለወጠ ቁጥር ሽያጭ ከመፈለግ በፊት በሰበካው የጋብቻ መዝገብ ላይ ሴት ልጅ ይፈልጉ።

ተቃራኒውም አለ፤ ስሙ ሳይለወጥ ደሙ ይለወጣል። የእህት ልጅ የወንድ ወራሽ የሌለውን አጎቱን ሲወርስ የአጎቱን የቤተሰብ ስም እንዲይዝ በኑዛዜ ይገደዳል፤ ለዚህም የንጉሥ ፈቃድ ያወጣል፣ ፈቃዱም ለንደን ጋዜት በተባለው የመንግሥት ጋዜጣ ላይ ይታተማል። ሁለት ስም በሰረዝ የተያያዘባቸው ቤተሰቦች ብዙዎቹ እንዲህ የመጡ ናቸው።

የቀን ጉዳይ

እስከ 1751 ድረስ በእንግሊዝ ዓመቱ የሚለወጠው መጋቢት 25 ቀን ነበር። የካቲት 10 ቀን 1720 ተብሎ የተጻፈ ውል በአሁኑ አቆጣጠር የ1721 ነው፤ 1720/21 ብለው ይጻፉት። በ1752 ደግሞ ከመስከረም 2 በቀጥታ ወደ መስከረም 14 ተዘለለ። ውሎች በንጉሡ ዘመነ መንግሥትም ይቆጠራሉ፦ ጆርጅ ሦስተኛ የነገሡት ጥቅምት 25 ቀን 1760 ስለሆነ 12ኛ ዓመታቸው ከጥቅምት 25 ቀን 1771 እስከ ጥቅምት 24 ቀን 1772 ያለው ነው። እነዚህን ሳያስተካክሉ ቅደም ተከተል የሚሠራ ሰው ልጁ ከአባቱ ሞት በፊት የወረሰ አስመስሎ ሊጽፍ ይችላል።

ገንዘቡ ከየት መጣ

ይህን ጥያቄ የማያነሣ የቤት ታሪክ ግማሽ ነው። ብላትዌት ለዊልያም ሦስተኛ የጦር ጉዳይ ጸሐፊ ነበር፤ የአሜሪካና የካሪቢያን ቅኝ ግዛቶችንም ገቢ ይቆጣጠር ነበር። ያም በቤቱ ውስጥ በዓይን ይታያል፤ አንደኛው ደረጃ ከቨርጂኒያ በመጣ የዋልነት እንጨት የተሠራ ነው። በሰንሰለት ታስረው የተንበረከኩ ሁለት አፍሪካውያንን የሚያሳዩ የእንጨት ማስቀመጫዎችም አሉ። እንዲህ ያለ ዕቃ ሲያዩ ማን እንዳመጣው በቤቱ የዕቃ ቆጠራ ዝርዝር ላይ ያጣሩ፤ ባላባት ሲሞት ክፍል በክፍል የሚጻፈው ያ ዝርዝር በየክፍሉ ምን እንደነበረ ይናገራል።

ለ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ያዘጋጀው የባሪያ ባለንብረቶች መረጃ ቋት አለ። በ1833ቱ ሕግ ባርነት ሲቀር መንግሥት 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሣ የከፈለው ለጌቶቹ ነበር፣ ለባሪያዎቹ ምንም አልሰጠም፤ የጠያቂዎቹም ስም ተመዝግቧል። ስም ስለተመሳሰለ ብቻ አይቸኩሉ። አድራሻውን ያመሳክሩ፤ ሰውየው በራሱ ስም፣ በባለአደራነት ወይም በአበዳሪነት ጠይቆ እንደሆነም ይለዩ።

ወደ ጥንቱ ለሚሄድ ሰው ከ1662 እስከ 1689 የነበረው የምድጃ ግብር ጥሩ መለኪያ ነው፤ በዓመት ለአንድ ምድጃ ሁለት ሺልንግ ይከፈል ነበር። የምድጃው ቁጥር በሁለት ዝርዝሮች መካከል ከስድስት ወደ አሥራ አራት ካደገ በመካከሉ ግንባታ ነበር። ዝርዝሩ ግን የቤት ስም የለውም፣ የከፋዩን ስም ብቻ ነው የያዘው፤ ስለዚህ ባለቤቱን አስቀድሞ ላወቀ ብቻ ይጠቅማል።

የብዙ ርስቶች ማብቂያ ደግሞ ይታወቃል። ከ1870ዎቹ ጀምሮ ከአሜሪካ የመጣው ርካሽ እህል ኪራዩን አወረደው፤ በ1894 የውርስ ግብር መጣ፣ በ1919 በትልልቆቹ ላይ 40 በመቶ ደረሰ። የዚያ ዘመን የሽያጭ መጽሔቶች ክፍሎችን፣ ማሳዎችንና ጭሰኞችን ስለሚዘረዝሩ በክፍለ ሀገሩ ቤተ መዛግብት ይጠይቋቸው። ዲረም እስከ 1956 በቤተሰቡ እጅ ቆይቶ መንግሥት ገዛው፤ በ1961 ናሽናል ትረስት በተባለው የቅርስ ጥበቃ ማኅበር ሥር ለሕዝብ ተከፈተ።

ፌርፊልድ፣ ባዝ

ለአማርኛ አንባቢ ቅርብ የሆነው ቤት ባዝ ከተማ ዳር ያለው ፌርፊልድ ነው። ርስት የተከተለው ታላቅ የገጠር ቤት አይደለም፣ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ቪላ ነው፤ የአጠናኑ ዘዴ ግን አንድ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመናቸው በ1936 ገዙት፣ እስከ 1940 ኖሩበት፣ በ1958 ለባዝ ከተማ ለአረጋውያን መገልገያ ሰጡት። እዚህ ባለቤቱና ነዋሪው አንድ ሰው ስለሆኑ ነገሩ ይቀላል። የሚያደናግረው የዘመን አቆጣጠሩ ነው፦ በአማርኛ ምንጭ ንጉሡ እንግሊዝ የገቡት ግንቦት 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ በእንግሊዝ መዝገብ ሰኔ 3 ቀን 1936 ነው። ከአማርኛ መጽሐፍ 1928ን ቀድቶ የ1928ን የአድራሻ መጽሐፍ የሚያገላብጥ ሰው የሚያገኘው የቀድሞውን ነዋሪ ነው። በ1939ኙ ምዝገባ ላይ ደግሞ ከተወለዱ 100 ዓመት ያልሞላቸውና መሞታቸው ያልተመዘገበ ሰዎች ስም ተሸፍኖ ይወጣል፤ ስለዚህ የቤተሰብ አባል በዝርዝሩ ላይ አለመታየቱ አለመኖሩን አያረጋግጥም።

ኪው ለመሄድ ካሰቡ ስምዎንና አድራሻዎን የሚያሳዩ ሁለት መታወቂያዎች ይዘው የአንባቢ ካርድ ያውጡ፣ የሚፈልጓቸውን ሰነዶች ቀድመው በቁጥራቸው ይዘዙ። ንባብ ክፍሉ ውስጥ እርሳስ እንጂ እስክሪብቶ አይገባም። ፎቶ ማንሣት ይቻላል፤ ከእያንዳንዱ ገጽ በፊት የሰነዱን ቁጥር የያዘውን ሽፋን ያንሡ። ይህ ካልተደረገ ቤት ሲደርሱ የትኛው ገጽ የየትኛው ሰነድ እንደሆነ መለየት አይቻልም፣ ቁጥር የሌለውን ማስረጃም ሌላ ሰው ሊያመሳክረው አይችልም። ቤቱ የግል መኖሪያ ከሆነ በቅርስነት መመዝገቡ የመግባት መብት ስለማይሰጥ ለባለቤቱ በደብዳቤ ይጠይቁ፤ እስካሁን ያገኙትን የባለቤቶች ዝርዝር ከደብዳቤው ጋር ቢልኩ ፈቃድ የማግኘት ዕድልዎ ከፍ ይላል።